ብር ሲያልቅ መሪ የሚሆን ሰው

እኔ ርካሽ ፊልም እወዳለሁ። መጥፎ አላልኩም፣ ርካሽ ነው ያልኩት። ደሙ ቀለም መሆኑ የሚያስታውቅበት፣ ጭራቁ ዞር ሲል የጀርባው ዚፕ ብቅ የሚልበት፣ መኪና ሊፈነዳ ሲል ካሜራው ቸኩሎ ወደ ሰው ፊት የሚሸሽበት ዓይነት። ጓደኞቼ በዚህ ያፍሩብኛል። አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዘን ስንቀመጥ እነሱ ስለ ካን ፌስቲቫል ያወራሉ፣ እኔ ስለ ዞምቢ። አንዱማ «አንተ ሰውዬ፣ ዕድሜህ ስንት ነው?» ብሎኛል።

ነገሩ ከሥራዬም ጋር ይያያዛል። ለዓመታት እዚሁ አዲስ አበባ የፊልም ድምፅ ስቀርጽ ኖሬያለሁ። ቡም፣ ማለትም ረጅም ዘንግ ላይ የታሰረ ማይክ፣ ይዞ ጥግ ላይ የሚቆመው ሰውዬ እኔ ነኝ። የድምፅ ሰው ብዙ ነገር ይሰማል። ጆሮው ላይ ሄድፎን ስላለ ሰው የማይሰማ ይመስለዋል፤ ማይኩ ግን ክፍት ነው። ስለዚህ መሪ ተዋናይ እንዴት እንደሚመረጥ ብዙ ሰምቻለሁ። ብር ያለበት ፊልም ላይ መሪዋ ስክሪፕቱ ሳይጻፍ ትታወቃለች። ቆንጆ ናት፣ ቀይ ናት፣ ተከታይ አላት። ብር የሌለበት ላይ ግን አንዳንዴ በሩን የሚጠብቀው ሰው ይጠፋል። ያኔ ማንም ያልጠራው ሰው ገብቶ መሃል ይቆማል። ርካሽ ፊልም የምወደው በዋናነት ለዚህ ነው።

ከሁሉም የሚታወቀው ምሳሌ የአሜሪካዊው ዳይሬክተር የጆርጅ ሮሜሮ የዞምቢ ፊልም፣ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ»፣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ፒትስበርግ ውስጥ ማስታወቂያ እየሠሩ የሚኖሩ ልጆች እስቲ ፊልም እንሥራ አሉ። አሥር ሰዎች እያንዳንዳቸው 600 ዶላር አዋጡ። ዕቁብ በሉት። እየቆየ ሌላ ገንዘብ ተጨምሮ ጠቅላላ ወጪው 114 ሺህ ዶላር ገደማ ደረሰ፤ ለአሜሪካ ፊልም የቡና ማለት ነው። ደሙ የቸኮሌት ሽሮፕ ነበር። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ማን ያውቃል? ከአምራቾቹ አንዱ ራስል ስትራይነር መቃብር ቦታ ላይ መጀመሪያ የሚጠቃውን ወንድም ሆኖ ተጫወተ። ሜካፕ የምትሠራው ማሪሊን ኢስትማን ምድር ቤት የተደበቀችውን እናት ሆነች። ሰው ሲያንስ እንዲህ ነው፤ ሻይ የሚያመጣውም ልጅ ተራው ሲደርስ ዞምቢ ይሆናል።

መሪው ዱዌን ጆንስ ነው፣ ጥቁር አሜሪካዊ። በር የሚቸነክረው፣ ጠመንጃውን የሚይዘው፣ ቤቱ ውስጥ የተደበቁትን ነጮች የሚያዝዘው እሱ ነው። ስክሪፕቱ ስለ ቆዳው ቀለም አንዲት ቃል አይናገርም። ሮሜሮ በዚህ ጉዳይ በተጠየቀ ቁጥር መልሱ አንድ ነበር፦ ኦዲሽን ላይ ከመጡት ሁሉ የተሻለው እሱ ስለሆነ ነው።

ደስ የሚል መልስ ነው። ግን ግማሽ ነው። ዳይሬክተሩ ስለ ቀለም ባያስብ ተዋናዩ ማሰቡ አይቀርም። ገፀ ባህሪው መጀመሪያ የተጻፈው ያልተማረ የጭነት መኪና ሾፌር ሆኖ ነበር። ጆንስ የተማረ ሰው ነው፣ ያስተምርም ነበር፤ ንግግሩን በራሱ አፍ አስተካከለው። ፊልሙ ውስጥ ነጭ ሴት የሚመታበት ቦታ አለ። በዚያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ሰው ይህን ካሜራ ፊት ማድረጉ ምን ሊያስከትልበት እንደሚችል ከቡድኑ ሁሉ አሳምሮ የሚያውቀው እሱ ነው። ሌሎቹ «አላሰብንበትም» ማለት ይችላሉ። እሱ አይችልም።

ፊልሙ ከ50 ዓመት በላይ ስለሆነው መጨረሻውን ብነግራችሁ አትቆጡኝ። ሰውዬው ሌሊቱን ሙሉ ከዞምቢ ተርፎ፣ ጠዋት ሊያድኑ የመጡት ታጣቂዎች ዞምቢ መስሏቸው ግንባሩን ይሉታል። ሮሜሮ ያለቀውን ፊልም መኪና ላይ ጭኖ ገዢ ፍለጋ ወደ ኒውዮርክ ሲሄድ ማርቲን ሉተር ኪንግ መገደሉን በሬዲዮ ሰማ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 4 ቀን 1968 ነበር። በኦክቶበር ፊልሙ ሲከፈት ያቺ የመጨረሻ ጥይት ሲጽፏት ያልነበራት ትርጉም ተጭኖባት መጣች።

ከዚያ ደግሞ ገንዘቡ። ፊልሙ መጀመሪያ ሌላ ስም ነበረው። አከፋፋዩ ስሙን ሲቀይር የቅጂ መብት ማስታወቂያው ከርዕሱ ጋር አብሮ ተቆርጦ ወጣ። በወቅቱ በነበረው የአሜሪካ ሕግ ማስታወቂያው ከሌለ መብቱም የለም። ያገኘ ሁሉ እያባዛ ሸጠው። ሠሪዎቹ ሌላው ሲበላ ቆመው አዩ። እኔም ያየሁት ስታዲየም አካባቢ መንገድ ላይ ከገዛሁት ሲዲ ነው፤ አንዱ ዲስክ ላይ ብዙ ፊልም የታጨቀበት ዓይነት። ከመንገድ ከገዛኋቸው ፊልሞች ሁሉ ሕጋዊው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ራሳችን ልምጣ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጓደኛዬ አስፈሪ ፊልም ሊሠራ ተነሳ። ፒያሳ ውስጥ የእንጨት ሰገነት ያለው አሮጌ ቤት አገኘ። ወለሉ ሲረገጥ ያቃስታል፣ ደረጃው ያጋደለ ነው፣ ለአስፈሪ ፊልም ተብሎ የተሠራ ነው የሚመስለው። ኪራዩ ርካሽ ነበር፤ ከአሁን አሁን ይፈርሳል እየተባለ ማን ይከራየዋል? ታሪኩ ከውጭ የመጣች ልጅ የአያቷን ቤት ስትወርስ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ አንድ የማይሞት ነገር ጠብቆ ያገኛታል የሚል ነው። ፕሮዲውሰራችን የሕንፃ ዕቃ ነጋዴ ነበሩ። ፊልም ብዙም አያዩም። ግን ሰው ያከብራሉ፣ ምሳም አይረሱም ነበር። መሪዋን የመረጧት እሳቸው ናቸው፤ ቲክቶክ ላይ ስሟ የገነነ ልጅ ናት። ልጅቷ ክፋት የለባትም። ትወና ግን ሥራዋ አልነበረም።

አዲስ አበባ መሃል ሌሊት ፊልም መቅረጽ ምን እንደሚመስል የማያውቅ ካለ ልንገረው። የወረዳው ደብዳቤ «ድራማ» ይላል፤ ዘበኛው ደግሞ «ይሄ ፊልም ነው እንጂ ድራማ አይደለም» ብሎ በሩን ይይዛል። መብራት ይጠፋል። ጀነሬተር ይመጣል። ጀነሬተሩ እንደ አሮጌ አንበሳ አውቶብስ ያጓራል። በብርድ ልብስ ሸፍኜው፣ ከግንብ ጀርባ አስቀምጬው፣ አሁንም እያንዳንዱ ንግግር ሥር እሱ አለ። የሰፈር ልጆች ሙዚቃ ይከፍታሉ፤ ለመዝጋት ይከፈላቸዋል፤ በማግስቱ ሌሎች ልጆች ሙዚቃ ይከፍታሉ። ውሻው፣ ራይድ ጠሪው፣ ሰካራሙ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ የጊዮርጊስ ማኅሌት ይጀምራል፣ ያን ጊዜ እኔ ሄድፎኔን አውልቄ እቀመጣለሁ። ማኅሌት ዝም በል አይባልም።

መሪዋ መጀመሪያ ማርፈድ ጀመረች። ከዚያ ስልክ ማንሳት ተወች። በኋላ እንደሰማነው ተከታታይ ድራማ ላይ የተሻለ ክፍያ አግኝታለች። አልፈርድባትም፤ እኛ የከፈልናት ቀብድ ብቻ ነበር። ፕሮዲውሰሩ ይህን ሲሰሙ ብሩን አቆሙ። «እሷ ከሌለች ፖስተሩ ላይ ማንን ልለጥፍ?» አሉ። ምክንያታቸው ለነጋዴ ትክክል ነው። ሲኒማ ቤቱ የሚጠይቃቸው ይህንኑ ነው፤ ተመልካቹም በር ላይ ቆሞ የሚያየው ፊት ነው።

የቀረነው ጥቂት ሰዎች ነበርን። ከቀሩት አንዷ የቤት ሠራተኛዋን የምትጫወተው ልጅ ናት። ቴአትር ተምራለች። ከደቡብ ነው የመጣችው፣ አማርኛዋ ላይ የራሷ ዜማ አለ። ስክሪፕቱ ውስጥ ሥራዋ ሁለት ነው፤ ቡና ማፍላት እና ቃል አሳስታ ተመልካች ማሳቅ። የአማርኛ ፊልም የሚያይ ሰው ይህችን ልጅ ያውቃታል። ከገጠር የመጣች፣ ማይክሮዌቭ ሲጮህ የምትደነግጥ፣ «እትዬ» እያለች የምትሮጥ። ከእሷ ጎን ዘበኛው አለ፣ ጋቢ ለብሶ የሚያንቀላፋው፣ የእሱም ቀልድ አነጋገሩ ነው። ስንት ጥሩ ተዋናይ በእነዚህ ሁለት ወንበሮች ላይ ዕድሜውን ጨረሰ።

ጓደኛዬ አንድ ሌሊት ገጾቹን መሬት ላይ ደርድሮ ወራሿን አወጣት። ቤቱን ለሠራተኛዋ ተወላት። ባለቤቶቹ ነገ ይመጣሉ፣ እሷ ዛሬ ብቻዋን ታድራለች። አለቀ። ብዙውን ንግግር አልነካውም ነበር። ያው ዓረፍተ ነገር፣ ያው አነጋገር፣ ግን የሚስቅባት ሰው ክፍሉ ውስጥ ስለሌለ ቀልዱ ጠፋ። ፍርሃት ብቻ ቀረ።

አንድ ቴክ አልረሳም። ማድ ቤት ነው። ከሰል እያራገበች ነው። ከወለሉ ሥር የሚመጣ ድምፅ ትሰማለች፤ ድምፁን በኋላ ስለምንጨምረው በዚያ ሰዓት የምትሰማው ነገር የለም። ስክሪፕቱ «ትጮሃለች» ይላል። እሷ አልጮኸችም። ማራገቢያውን አቆመች። ከሰሉ ጣ፣ ጣ ይላል። ትንፋሿን ስትይዝ በሄድፎኔ ሰማሁት፤ ሰው ትንፋሹን ሲይዝ ጉሮሮው ትንሽ ቋ ይላል። ከዚያ ቀስ ብላ ማራገቢያውን እንደገና አንቀሳቀሰች፣ ምንም እንዳልሰማች ለማስመሰል። ሰው ቤት ተቀጥሮ ያደረ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው ይሄ፤ ሰምተሽ አለመስማት። ጓደኛዬ «ከት» ማለት ረሳ። ካሜራ ማኑም ዝም አለ። ጀነሬተሩ ራሱ ነዳጅ ጨርሶ ሲጠፋ ነው የተነቃቃነው።

ፊልሙ አላለቀም። የቀረጽነው ያለበት ዲስክ ካሜራና መብራት ያከራየን ሰው ዘንድ በዕዳ ተይዟል። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ቤቱም አብሮ ስለሄደ፣ ዲስኩ ቢለቀቅ እንኳ የጎደለውን የምንቀርጽበት ቦታ የለም።

ስለ ዲስክ ካነሳሁ የዩጋንዳውን አይዛክ ናብዋናን ማለፍ አልችልም። ካምፓላ፣ ዋካሊጋ በሚባል የድሃ ሰፈር፣ «ሁ ኪልድ ካፒቴን አሌክስ?» የሚል የአክሽን ፊልም እ.ኤ.አ. በ2010 ሠራ። ወጪው 200 ዶላር አይሞላም ይላል። ተዋናዮቹ ጎረቤቶቹ ናቸው። ቀጣዩን ፊልም ሊሠራ ሲል ኮምፒውተሩ ሞላበት፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ፊልም ደመሰሰው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ሚሊዮኖች የሚያዩት ቅጂ አስተርጓሚው ላዩ ላይ እየጮኸበት ዲቪዲ ላይ የቀረው ነው። የኛ ሰፈር ቪዲዮ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ይህ አይገርመውም። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዶ፣ አንዱ ቀድሞ ያየው ልጅ «አሁን ሊገለው ነው!» እያለ ሲያበላሽብን አይደል ያደግነው?

ናብዋና መሪ ተዋናይ ፍለጋ የትም አልሄደም። ኮማንዶው፣ ወንበዴው፣ ኩንግ ፉ የሚችለው ልጅ፣ ሁሉም እዚያው ጭቃ መንገድ ላይ ነበሩ። ይህን ሳይ ቅናት ቢጤ ይሰማኛል። እኛም ብር የለንም። ግን በሌለን ብር የቦሌን ቪላ ተከራይተን፣ የሰው መኪና ተውሰን፣ ሀብታም ለመምሰል ነው የምናወጣው። ከሲኒማ ኢትዮጵያ እስከ አምፒር ስንት ፖስተር አየሁ፤ ሁለት ወንድ አንዲት ሴት፣ ጀርባ ለጀርባ ቆመው እጃቸውን አጣጥፈው። የፍቅር ኮሜዲ ጠላት አይደለሁም። ሲሰለቸኝ ግን ሰለቸኝ እላለሁ።

«ታዲያ እኛም የራሳችንን አስፈሪ ፊልም እንሥራ» የሚል ወጣት በየጊዜው ያጋጥመኛል። ሁሉም ይዞ የሚመጣው ቡዳ ነው። ሌሊት ጅብ የሚሆን ሰው። እውነት ለመናገር ሥዕሉ ኃይለኛ ነው። ግን ቡዳ ሲባል የኖረው ማን ነው? ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቤተ እስራኤሉ። ማረሻውን የሠራለትን፣ ድስቱን የሠራችለትን ሰው ነው አገሬው ዓይኑን የፈራው። የእኛ አስፈሪ ተረት ጭራቁን ከመረጠ ቆይቷል ማለት ነው። አንዱ ዳይሬክተር ቡዳዋን ለምትጫወተው ልጅ ኦዲሽን ሲያወጣ «ጠቆር ያለች ትሁን» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ማንም ቀና ብሎ አላየውም።

ይህን ፊልም ገልብጦ የሚሠራልኝ ባገኝ ቡሙን በነፃ እይዛለሁ። መሪዋ ሸክላ ሠሪዋ ትሁን። አንድ ልጅ ሰፈር ውስጥ ታመመ። ሲመሽ ጎረቤቶቿ ችቦ ይዘው መጡ። ጅብም አያስፈልግም፣ ሜካፕም አያስፈልግም። ወጪው አንድ ጎጆና ብዙ ኤክስትራ ነው።

ማንም ያልጠራው ሰው መሃል የቆመበት ሌላው ፊልም «ክራምብስ» ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው። ዳይሬክተሩ ሚጌል ላንሶ የሚባል ስፔናዊ ነው። የተሠራው እዚህ ነው፣ የሚነገረውም አማርኛ ነው። የሳይንስ ልብወለድ ነው፤ ዓለም አልቃለች፣ ሰማይ ላይ የዛገ የጠፈር መርከብ ተንጠልጥሏል፣ የፕላስቲክ ኒንጃ ተርትል አሻንጉሊት እንደ ክታብ ይቆጠራል። ርዝመቱ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። መሪው ዳንኤል ታደሰ ነው። ቁመቱ አጭር ነው፣ ጀርባው የጎበጠ ነው። ፊልሙ ስለዚህ ምንም አያስረዳም። አያዝንለትም፣ አያስቅበትም፣ መጨረሻ ላይም አይፈውሰውም። ሰውየው ይጓዛል፣ ይፈራል፣ ይደባደባል፣ ያፈቅራል። የሚያፈቅራት ሰላም ተስፋዬ ናት፤ ያቺው ፖስተር የምትሞላው ሰላም። ሁለቱን አንድ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሳይ፣ ይህን የመሰለ ምስል ከዚህ በፊት በአማርኛ ፊልም አይቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ። አልመጣልኝም። እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሶ ዳንኤልን በድጋሚ መሪ አደረገው፤ ያኔ የሲአይኤ ሰላይ ነው፣ ኩንግ ፉም ይችላል።

እዚህ ላይ የሚከነክነኝን ልናገር። ዳንኤልን መሪ ያደረገው ከውጭ የመጣ ሰው ነው። «ፈረንጅ ስለሆነ እንግዳ ነገር ፈልጎ ነው» የሚሉ አሉ። አንድ ጓደኛዬ እንዲያውም አጥብቆ ተከራክሮኛል። ሊሆን ይችላል። ግን እኛ ሰውየውን ሁልጊዜ እያየነው ምን አደረግነው? ይህን ስጠይቀው ማኪያቶውን ማማሰል ጀመረ።

ደግሞ ከቤታችን ጥሩ አብነት አጥተን አይደለም። ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ሲሠራ ንጉሡ ከወረዱ በኋላ ባለችው አጭር ፋታ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ በጥቁርና ነጭ ቀረጸው። ፊት ለፊት ያቆማቸው ተዋንያን ባለሙያ ሳይሆኑ ገበሬዎች ናቸው። ዘውጉ ሌላ ነው፣ ዞምቢ የለበትም። ባለርስቱ ግን ከብዙ ዞምቢ ያስፈራል።

ያ የፒያሳው ጓደኛዬ አሁን አዲስ ስክሪፕት ጽፏል። ባለፈው ሰሞን አነበብኩት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚሆን ነው፣ ስድስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም። ገፀ ባህርያቱ ስም የላቸውም። «ተከራይ»፣ «አከራይ»፣ «ከላይ ያለው ሰው»። ዕድሜ አልጻፈም። ወንድ ሴት አላለም። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው «ኤልየን» የተባለው አስፈሪ ፊልም ስክሪፕቱ ላይ ሁሉም ሚና ለወንድም ለሴትም ይሆናል የሚል ማስታወሻ ነበረ፤ ሲጎርኒ ዊቨር መሪ ሆና የገባችው በዚያ ነው። ይህን ስነግረው ያውቀው ነበር። «ከዚያ ነው የሰረቅኩት» አለኝ። ሠራተኛዋን የተጫወተችው ልጅ ኦዲሽን እንደምትመጣ ነግራዋለች፤ አሁን የሠርግ መድረክ ትመራለች፣ ቅዳሜና እሁድ ግን አይመቻትም።

ፕሮዲውሰር ገና የለም። ጥቂት ጓደኛሞች ልናዋጣ ተነጋግረናል። ድምፁን በነፃ እንድሠራለት ጠየቀኝ፣ እሺ አልኩት። ጀነሬተሩ ግን ከሎኬሽኑ ሁለት ብሎክ ርቆ እንዲቆም በጽሑፍ አስፈርሜዋለሁ።